የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የአባት የሕክምና ዕዳ ሳይከፈል ቤቱን መካፈል ይቻላል?

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ አባታችን በኩላሊት ብዙ ታመው አረፉ። የሆስፒታልና የመድኃኒት ቤት ዕዳ ቀርቷል። አርባቸው ካለፈ በኋላ ወንድሞቼ «ቤቱን ሸጠን እንካፈል፣ ዕዳውን ኋላ እናየዋለን» አሉ። ታላቁ ደግሞ ለተዝካር ያወጣሁት ይቀነስልኝ ይላል። እናታችን በሕይወት አሉ፤ ኑዛዜ የለም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እህቴ። ወንድማማች ፍርድ ቤት የምታመላልሰው ይህችው «ኋላ እናየዋለን» ናት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ አስቀድሞ ይጣራል፣ ማለትም ወራሹ፣ ሀብቱና ዕዳው ተለይቶ ዕዳው ይከፈላል፤ ክፍፍሉ ከዚያ ወዲያ ነው። ኑዛዜ ከሌለ አጣሪዎቹ ራሳችሁ ወራሾቹ ናችሁ። ተራውን ቁጥር 1014 አስቀምጦታል፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያ ወጪ፣ የሟች ዕዳ፣ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ። የሆስፒታሉ ሂሳብ ሦስተኛው ላይ ነው፤ ለእናንተ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

ተዝካርን ግን ሕጉ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። ጎንደር ውስጥ ድንኳኑና ድግሱ ምን ያህል ኪስ እንደሚያራቁት አውቃለሁ፤ ወንድምሽም ለአባቱ ክብር ብሎ ነው ያወጣው። ቢሆንም ከመድኃኒት ቤቱ ሊቀድም አይችልም። ዕዳው ከተዘጋ በኋላ ከየድርሻችሁ አዋጥታችሁ ብትክሱት ማንም አይከለክላችሁም።

ሌላው ቤቱ ራሱ ነው። በትዳር የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ እንጂ ውርስ አይደለም። በትዳር ላይ ሳሉ ለሕክምና የተገባ ዕዳም የባልና ሚስት የጋራ ዕዳ የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ቤቱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ከጋራው ይነሳል። ሆስፒታሉ ቀሪውን ሂሳብ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ በቃል የተነገረ ቁጥር ይዛችሁ አትቀመጡ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ አጎቴ «ለአባትህ መታከሚያ 40,000 ብር አበድሬያለሁ» ይላል። ወረቀት የለውም፤ ምስክር ግን አለኝ ብሏል።

መልስ፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው የሚረጋገጠው፤ ምስክር ብቻውን አይበቃም። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ አስቤዛም አይሞላም፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ብድሩ እውነት መሆኑን የምታውቁ ከሆነ አምናችሁ ክፈሉ፣ አጎት ነው። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ግን በእሱ ድርሻ መቸር አትችሉም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የእናቴ የሕክምና ዕዳ ከተዉት ንብረት ይበልጣል። ደሞዜን ይነኩብኛል?

መልስ፦ አይነኩብዎትም። ባለገንዘቦቹ የሚጠይቁት የውርሱን ሀብት ነው። ውርሱን አልፈልግም ማለትም ይችላሉ፤ ለዚህ ያለዎት ጊዜ ግን አጣሪው ወራሽነትዎን ካሳወቀዎት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ነው።