ለሚያውቁት ልጅም ቢሆን መታወቂያ ይጠየቃል

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ወሬ በተለይ ከባንኮኒ ጀርባ ለሚቆሙ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ ጋዝ ስቴሽን ስትገቡ ካሸሩ ሐበሻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ብሩኬ ራሱ በሌሊት ሺፍት ሠርቷል። እስቲ ከቀላሉ እንጀምር፤ ሲጋራ ለስንት ዓመት ሰው ነው የሚሸጠው?

ብሩክ፦ 21። ከዚያ በታች ለማንም አይሸጥም። ሲጋራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም፣ ሲጋርም፣ የሺሻ ትምባሆም እዚያው ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የተፈረመው ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም ወዲያው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እየጠራሁ ነው።

ሄለን፦ ለወታደር ግን 18 ይበቃል ሲባል እሰማለሁ።

ብሩክ፦ ሜሪላንድ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 21 ከፍ ስታደርግ ለወታደር 18 ብላ ነበር። ወሬው ከዚያ የቀረ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ወታደር ሲቪል አይልም።

ሄለን፦ ቆይ፣ እኔን የሚከነክነኝ ነገር አለ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ይመርጣል፣ ጦር ሜዳ ይሄዳል። ሲጋራ ላይ ሲደርስ ለምን 21?

ብሩክ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ያሳመነኝ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲስን የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ምሁራን ተቋም በ2015 ያወጣው ጥናት ነው። ዕድሜው ወደ 21 ከፍ ቢል ይበልጥ የሚጠቀሙት ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት ናቸው ይላል። ለምን መሰለሽ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሱቅ ገብቶ አይገዛም፣ የሚገዛለት ሌላ ነው። ማን? አብሮት የሚማር የ12ኛ ክፍል ልጅ። 18 ዓመት የሞላው እኮ ገና ሃይስኩል ነው ያለው፣ አንድ አውቶቡስ ነው የሚሳፈሩት። 21 የሞላው ግን ከ15 ዓመት ልጅ ጋር አይውልም። ያንን መስመር መቁረጥ ነው የተፈለገው። ሐሳቡም ከዋሽንግተን የመጣ አይደለም። ቦስተን አጠገብ ያለች ኒድሃም የምትባል ከተማ ናት በ2005 የጀመረችው፣ ከስቴት ደግሞ ሐዋይ በ2016 ቀደመች።

ሄለን፦ እሺ፣ ይሄ ገባኝ። አሁን ወደ ባንኮኒው እንሂድ። መታወቂያ የሚጠየቀው ማን ነው? ፂም ያለውም ይጠየቃል?

ብሩክ፦ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ይጠየቃል። ድሮ ከ27 በታች ነበር፣ ኤፍዲኤ የሚባለው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ 30 አደረገው። ፎቶና የትውልድ ቀን ያለበት መታወቂያ መሆን አለበት። የኔ ምክር ግን ከዚያም ያልፋል፤ 29 እና 33 ዓመትን በፊት መለየት የሚችል ሰው የለም፣ ስለዚህ ሽበት ካላየህ ጠይቅ።

ሄለን፦ የኛ ሰው ችግሩ ሕጉን አለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። ይሉኝታው ነው። ልጁን ታውቀዋለህ፣ እናቱን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኛታለህ።

ብሩክ፦ እሱን ነው የምልሽ! ይመጣል፣ «ጋሼ ብሩክ እንዴት ነህ» ይላል፣ ስልኩን እያየ «ያቺን ቬፕ» ይላል፣ ልክ ውሃ እንደሚገዛ። መታወቂያ ስትጠይቀው ይደነግጣል፤ «ታውቀኛለህ እኮ» ይልሃል። አዎ አውቅሃለሁ፣ ስለማውቅህ ነው የምጠይቅህ። ሲያቅተው «ለአባዬ ነው» ይላል። አባዬ ራሱ ይምጣ። እኔ የሠራልኝ አንድ ነገር ነው፣ ሁሉንም ወጣት ያለልዩነት መጠየቅ። አንዱን ጠይቀህ አንዱን ከተውክ የተጠየቀው ይቀየምሃል፣ ሁሉን ከጠየቅክ ግን ሕጉ ነው ይባላል፣ ማንም አይቀየምም።

ሄለን፦ ካልጠየቀስ ምን ይመጣበታል?

ብሩክ፦ ኤፍዲኤ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከተቆጣጣሪ ጋር እየላከ ሱቆችን ይፈትናል። ልጁ ገብቶ ይጠይቃል፣ ከሸጥክለት ተይዘሃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱቁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው የሚመጣው። ከተደጋገመ የገንዘብ ቅጣት አለ፣ ቅጣቱም እየከበደ ይሄዳል፣ መጨረሻው ሱቁ ትምባሆ እንዳይሸጥ እስከመታገድ ይደርሳል። የሱቁ ባለቤት ደግሞ ደብዳቤውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ሺፍት ነበር?» ብሎ ነው። የማን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተፍታታለት፣ ብቻውን ሌሊት የሚያድረው ሰው ነው። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፣ ሸክሙ በሙሉ እዚህ ሰው ላይ መውደቁ ግን ያናድደኛል። ባለቤቱ መታወቂያ የሚያነብ ስካነር ይግዛ፣ ሠራተኛውንም ቁጭ አድርጎ ያስተምረው።

ሄለን፦ ስካነር የሌለውስ?

ብሩክ፦ ካርዱን አዟዙሮ ማየት ነው። በብዙ ስቴቶች ከ21 በታች ሆኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ካርዱ ቁመቱ ወደ ላይ ነው። ያንን ስታይ ቆም በል። ካርዱን ሳይቀይር 21 የሞላው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቀኑን አንብብ። ቀኑ ላይ ደግሞ የኛ ሰው ይሳሳታል፤ እኛ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትላለን፣ እነሱ ወሩን ያስቀድማሉ። 04/11 ካለ ኤፕሪል 11 ነው እንጂ ኖቬምበር 4 አይደለም።

ሄለን፦ ካናቢስ፣ ማሪዋና የሚሉት ላይ እንምጣ። ሜሪላንድ ሱቁ ክፍት ነው አይደል?

ብሩክ፦ ሕዝቡ ኖቬምበር 2022 ድምፅ ሰጠ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዲስፔንሰሪ የሚባሉት ፈቃድ ያላቸው የካናቢስ ሱቆች ይሸጣሉ። ዕድሜው እዚያም 21 ነው። መያዝ የሚቻለው እስከ አንድ ተኩል አውንስ ነው። ዲሲ ሌላ ነው፤ በ2014 በሕዝብ ድምፅ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ መያዝ ተፈቀደ፣ ኮንግረስ ግን ለመዝናኛ የሚሸጥበትን ገበያ እንዳይከፍቱ በጀቱ ላይ ከለከላቸው። ስለዚህ ቲሸርት ሸጦ ዊዱን «ስጦታ ነው» የሚል ሱቅ በዛ።

ሄለን፦ ዲስፔንሰሪ እኮ መታወቂያ ሳታሳይ ከበሩም አያሳልፉህም። ጋዝ ስቴሽን ግን ቬፑ ከከረሜላው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተደርድሯል። እናት ሆኜ ሳየው ልክ አይመስለኝም።

ብሩክ፦ አይደለምም። ሄሉ፣ ሳልረሳው ግን አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ዜግነት ያላገኛችሁ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ስቴቱ ቢፈቅድም ካናቢስ በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። ኢሚግሬሽን በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ መጠቀም ብቻ ሳይሆን ዲስፔንሰሪ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራትም የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክል እንደሚችል ጽፏል። የሰዓት ክፍያው ጥሩ ነው ብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ሄለን፦ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። አገር ቤትስ? እዚያ ዕድሜ የሚባል ነገር አለ?

ብሩክ፦ አለ እንጂ! አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ በፈረንጅ 2019 መጀመሪያ ላይ የጸደቀው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። አስቢው፣ ከአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በወራት ይቀድማል። በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው።

ሄለን፦ ሰፈር ሱቅ ግን የተከፈተ ኒያላ ባንኮኒው ላይ አለ፣ በፍሬ ይሸጣል። የሚገዛው ደግሞ «ማሙሽ፣ ሁለት ፍሬ ይዘህልኝ ና» ተብሎ የተላከ ልጅ ነው።

ብሩክ፦ ባለሱቁ ልጁን ሳይሆን የላከውን ነው የሚያየው። የአቶ እገሌ ልጅ ነው፣ ይሰጠዋል። ይሄ በአዋጅ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም፣ ልጅ መላኩ ራሱ መቆም አለበት። ወንድሞቻችሁ፣ አጎቶቻችሁ እዚያ ያሉ ካሉ ደውላችሁ ንገሯቸው። አጫሹ ራሱ ወጥቶ ይግዛ።

ሄለን፦ እኔ ዛሬ ማታ የምደውልለት ሰው አለ። በሉ ደህና ሁኑ።