ለራስ የሚቆረጥ ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወጋችን ስለ እግር ጉዞ ነው፤ ከሥራውም ከቤት ጣጣውም ላይ ተቀንሶ ለራስ ስለሚወጣ ቀን።

ጎንደር ውስጥ የአዋቂ ሰው ሰንበት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ናት። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ተዝካር አለ፣ ለቅሶ አለ። ይህ ይቅር የሚል ሰው የለም፤ የምንኖረው በዚሁ ነው። ግን አርባ ዓመት የሞላው፣ የቤት ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ፣ የመጨረሻ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው ለራሱ ደስታ ያዘጋጀው ቀን አለው ወይ ብትሉ ብዙ ጊዜ የለውም። «እስቲ አንድ ቀን ሰሜን ተራሮችን እናያለን» እየተባለ አሥር ዓመት ያልፋል። ደባርቅ እኮ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ርቀቱ አይደለም የያዘን፤ ቀን አለመቁረጣችን ነው። ቀን ላልተቆረጠለት ሰርግ ጠላ አይጠመቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። እኔ የምመክረው የኅዳርን መጨረሻ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይጠናል፣ መስከረም ላይ ይሳሳል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ብትሄዱ ሣሩ ደርቆ፣ አየሩ በአቧራ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ከገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ማዶውን ማየት ያቅታችኋል። መስቀል እንዳለፈ ልምምድ ብትጀምሩ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስምንት ዘጠኝ ሰንበት ታገኛላችሁ። ለጤነኛ አዋቂ ሰው ይበቃል። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ለልምምዱ ቅዳሜና እሑድ ይመቻል። በጾም ወራትም ቢሆን በሁለቱ ቀናት ከጥሉላት እንጂ ከእህል ስለማይጾም ጠዋት ቀመስ አድርጎ መውጣት ይቻላል። በጾም ቀን እስከ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት ግን ራስን አዙሮ ይጥላል። ከሁለቱም እሑድ ትሻላለች፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱም ታክሲውም ይጨናነቃል። ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ቤት ገብቶ ቁርስ በልቶ መነሳት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰንበቶች ከከተማ አያስወጡም። ከፒያሳ ተነስታችሁ ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ብዙዎቻችን ጥምቀተ ባሕሩን የምናውቀው ጥር 11 ቀን፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግረን ነው። በተራ እሑድ ገብታችሁ እዩት፤ የዛፎቹ ሥር በድንጋዩ ግንብ ላይ እንደ መረብ ተዘርግቶ ድንጋዩን ጨምድዶ ይዞታል። ከዚያ የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቁስቋም ያለውን ዳገት መያዝ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍራሹ እዚያ አለ፤ ዘወር ስትሉ ከተማው በሙሉ ከፊታችሁ ይሆናል። ሌላ ሳምንት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በሌላው ሳምንት ወደ ጎሃ ኮረብታ።

ዳገቱ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። በጉልበት ይጀምርና መቶ ሜትር ሳይሄድ ቆሞ ያለከልካል፤ እንደገና ይሮጣል፤ እንደገና ይቆማል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ አካሄዳችሁ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ቀስ በሉ እንጂ አትቁሙ። በቡድን ስትሆኑ ደግሞ ከሁሉ ቀርፋፋው ይምራ። ጎበዙ ከመራ ኋላ የቀረው ሁልጊዜ እየሮጠ ይደርሳል፤ ሌሎቹ አርፈው ሲነሱ እሱ ሳያርፍ አብሮ ይነሳል፤ በዚህም ቀኑ ይበላሽበታል።

አሁን ወደ እግር እንምጣ፤ ጉዞ የሚበላሽባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳንባቸው ሳይሆን እግራቸው ነው የከዳቸው። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንቆም እግር ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። ለጉዞ የምታስቡትን ካልሲ ለብሳችሁ ሞክሩት። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን እስከ ጫፍ ግፉት፤ ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ያ ክፍተት ከሌለ ቁልቁለት ላይ ጣቶቻችሁ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ በኋላም ይነቀላል። ጥፍር ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማሳጠር፤ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ቆም ብላችሁ የቁርጭምጭሚቱን በኩል ክር ጠበቅ ማድረግ። አዲስ ጫማ አድርጎ ተራራ መሄድ ፈጽሞ አይሆንም። ቢያንስ ሦስት አራት ሰንበት ከተማ ውስጥ ይረገጥ።

እግር ውሃ የሚቋጥረው ላብና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነ ካልሲ ላቡን ጠጥቶ ስለሚይዝ ሱፍ ወይም ሱፍና ናይለን የተቀላቀለበት ይመረጣል። መለዋወጫ ካልሲ ያዙና እኩለ ቀን ላይ ቀይሩ። ተረከዛችሁ ሞቅ፣ ጠዝጠዝ ሲላችሁ «ትንሽ ልሂድና አየዋለሁ» አትበሉ፤ እዚያው ቁጭ በሉ፣ አድርቁት፣ ፕላስተር ለጥፉበት። ሁለት ደቂቃ ነው። ካለፋችሁት ውሃ ይቋጥራል። ከቋጠረ ደግሞ ቆዳውን አትግፈፉት፤ ከጀርም የሚጠብቀው ያ ቆዳ ነው።

ጉልበት የሚያመው በዳገት ሳይሆን በቁልቁለት ነው። እርምጃ ማሳጠር፣ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ ማድረግ፣ ዱላን ከእግር አስቀድሞ መትከል። ዱላው መሬት ላይ ቆሞ ስትይዙት ክርናችሁ ዘጠና ዲግሪ ቢታጠፍ ቁመቱ ልክ ነው፤ ለቁልቁለት ትንሽ ቢረዝም ይሻላል። ይኼን ለማግኘት ሩቅ አትሄዱም፤ ለአገራችን ሰው ዱላ ብርቅ አይደለም።

ስንቅን በተመለከተ በሶን የሚያክል የለም። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ማር ወይም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ውሃው ቀድሞ ሃይላንዱ ውስጥ ይግባ፣ በሶው ከላይ ይጨመርና ይናጥ፤ በሶው ቀድሞ ከገባ ታች ተጋግሮ ይቀራል። ሃይላንዱን እስከ አፉ አትሙሉት፣ የሚናጥበት ቦታ ይፈልጋል። ጠዋት በጥብጣችሁ ይዛችሁ አትውጡ፤ ደረቁን ይዛችሁ ስትፈልጉ በጥብጡት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይኮመጥጣልና። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የኅዳር መጨረሻ ጉዞ የጾም ስንቅ ነው የሚፈልገው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምር፣ ለማታው ሽሮ። ውሃ ለግማሽ ቀን አንድ ሊትር፣ ለሙሉ ቀን ሁለት ሊትር፤ እስኪጠማ ሳይጠበቅ በየጊዜው ጎንጨት እያሉ።

ጥቅምት ላይ ኮሶዬ። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወለቃን አልፎ። ከአፋፉ ላይ ቆላው ወደ ታች ተዘርግቶ ይታያል፣ ነፋሱ ግን ከጎንደር ነፋስ ይለያል፤ ሹራብና ኮፍያ አይረሳ። እዚያ አራት አምስት ሰዓት ያህል በእግር ከተዘዋወራችሁና በማግሥቱ ሥራ ከገባችሁ ለሰሜን ደርሳችኋል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮችና ከዚያው አካባቢ ሰዎች ጠይቁ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅር፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ገንዘቡን እንዴት እናድርገው? እቁብ እንጣል የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። ለዚህ ጉዳይ እቁብ አይሆንም። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት ያውለዋል፤ ይህም ያለ ነገር ነው፣ አይፈረድበትም፤ ጉዞው ሲደርስ ግን ኪሱ ባዶ ይሆናል። ይልቅ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና በየወሩ እኩል አስገቡ። ስድስት ሰው በወር 1,000 ብር ቢያስቀምጥ በሦስት ወር 18,000 ብር ይሆናል። ስድስት ሰው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የመኪናው፣ የስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ)፣ የአስጎብኚው፣ የበቅሎውና የበቅሎ ነጂው ክፍያ ለሁለትም ለስድስትም ሰው ብዙ ስለማይለያይ ሲካፈል ይቀላል፤ ከስምንት ካለፈ ደግሞ አንዱ አንዱን ሲጠብቅ ቀኑ ያልቃል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ደባርቅ ያለውን የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘቡንም እዚያው ሳላችሁ ያዙ፤ ከደባርቅ ወዲያ ባንክ አይታሰብም። ለስካውቱም ስንቅ አስቡለት፤ የራሱን ይዟል ብሎ መተው ነውር ነው።

እንግዲህ ሰሜን። ብዙ ሰው በመጀመሪያ ጉዞው ራስ ዳሸን ካልወጣሁ ይላል። ከ4,500 ሜትር በላይ ነው እኮ! ብዙ ቀን የሚፈልግ፣ ልምድ ላለው ሰው የሚሆን መንገድ ነው። አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር የወጣ ሰው ራሱን ይዞ ድንኳን ውስጥ ሲያቃስት ማደር የለበትም። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ገደማ፤ ከፓርኩ ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250፤ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ። ደገኛ ነኝ ብሎ መኩራራት አይሠራም። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ስፖርተኛም ቢሆን አይምርም። አየሩ ሲሳሳ የምንስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሰውነት ለመላመድ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል።

ለሦስት ቀን ጉዞ ሐሳቤ ይኼ ነው። ዓርብ ደባርቅ አድሩ፤ ከጎንደር በአንድ ቀን ወጥቶ ሳንቃበር ከማደር ይሻላል። ቅዳሜ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከዚያ በገደሉ ዳር በእግር ወደ ሳንቃበር፤ አዳር እዚያ። እሑድ ጠዋት የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ተመለሱ፤ ወደ ጥልቁ 500 ሜትር ያህል የሚወርድ ውሃ ነው፤ ክረምቱ እንዳለፈ ይበረታል፣ በበጋ እየቀጠነ ይሄዳል። ከሰዓት ወደ ጎንደር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ከዚያ በላይ አትውጡ። እያደር ከባሰ መውረድ ነው፤ 300 ወይም 500 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚንገዳገድ ሰው ወይም አርፎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ይውረድ፣ ብቻውንም አይሁን። አረቄውን ደግሞ ለጎንደር አቆዩት፤ ከፍታ ላይ እንቅልፍና ትንፋሽ ያበላሻል።

ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሳንቃበር ላይ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሊያድር ይችላል። ጋቢ ለማታ ወግ ግሩም ነው፤ ለመንገድ ግን አይሆንም፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስልካችሁንም ማታ ከጉያችሁ አስገቡት፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ለማየት በጠዋት ንቁ። ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ እየወጡ ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። ከአሥር ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። ጣቶቻቸውን እያፈራረቁ ሣሩን ሲነጩ ድምፁ ይሰማችኋል፤ ምግባቸው ከሞላ ጎደል ሣር ነው። ዳቦ ወይም ቆሎ አትወርውሩላቸው፤ ሰው ሲያዩ ለምግብ መቅረብን ይለምዱና ማሳ እየገቡ ከገበሬው ጋር ይጣላሉ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍም ለማገዶ አትስበሩ፣ ቡታ ጋዝ ያዙ። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ሲሆን በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ተመደበ፤ የወጣውም በ2017 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከምክንያቶቹ አንዱ የዋልያ ቁጥር መመናመን ነበር። ዋልያ ደግሞ ከዚህ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም።

ፎቶ ስትነሱ ከገደሉ አፍ ሁለት ሜትር ራቁ። ጠዋት ጤዛ ያለበት ጓሳ ሣር ያንሸራትታል፣ ነፋሱም ድንገት ይገፋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ ጫማውን ጭቃውን አራግፉ፣ የውስጥ ገበሩን አውጡ፣ ጋዜጣ ወትፋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ማስቲሹ ይለቅና ሶሉ ይገነጠላል። የተረፈውን ገንዘብ አትከፋፈሉት፤ ሒሳቡ ላይ ተዉትና ለግጭ ጉዞ ቀን ቁረጡ። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።