«ዶፕሽን ማለት ጌታዬ…»

ዛሬም እዚያችው፣ ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ በተላከችው ልጅ ላይ ነኝ። ባለፈው ጨርሻታለሁ ብያችሁ ነበር፤ አልጨረስኳትም።

1874 ነው፣ በፈረንጆቹ። አንድሩ ዶይል የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት መርማሪ ከወርክሃውስ፣ ከድሆች ማቆያ ማለቴ ነው፣ ወደ ካናዳ የተላኩትን ልጆች ሊያይ ሄዷል። አንዷ አዶፕሽን፣ የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ማለቴ ነው፣ ምን እንደሆነ ታስረዳዋለች። ቃሉን እንኳ አሟልታ አልጠራችውም። «ዶፕሽን ማለት ጌታዬ፣ ሰዎች ሴት ልጅ ወስደው ያለ ደሞዝ ሲያሠሯት ነው።»

ይኸው ነው። አላማረረችም። የቃል ፍቺ ነው የሰጠችው፣ ያውም «ጌታዬ» ብላ።

ደግሞ ልክ ናት! ልጆቹን ከእንግሊዝ ትወስድ የነበረችው ማሪያ ራይ በ1869 የመጀመሪያዎቹን ልጆች ካናዳ፣ ናያጋራ ስታደርስ ያሳረፈቻቸው ታድሶ በተዘጋጀ የድሮ ፍርድ ቤትና እስር ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ልጅ የሚፈልግ ቤተሰብ መጥቶ ይወስዳል፤ ወይ በሥራ ውል፣ ወይ በአዶፕሽን። በውል ከሆነ፣ እስከ 15 ዓመቷ ምግብ፣ ልብስ፣ የሰንበት ትምህርት። ከ15 እስከ 17 ልብሱ ይቀርና በወር 3 ዶላር፤ ከዚያ እስከ 18 ደግሞ 4 ዶላር። ትንሽ ነው፣ ግን ቁጥር አለው፤ ቁጥር ካለ «አልተከፈለኝም» ማለት ይቻላል። በአዶፕሽን የሄደችው ግን ምን ብላ ትጠይቅ? ልጅ ናታ። ልጅ ደሞዝ አይጠይቅም።

እኔ «ጉዲፈቻ» ብዬ ልተረጉመው ፈልጌ እጄ እንቢ አለኝ። ከኦሮሞ የወሰድነው ቃል እኮ ነው፤ እዚያ ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይወርሳል። የናያጋራዋን የሚገልጽ አማርኛ ሌላ ቦታ ነው ያለው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ሲባል አልሰማችሁም? ከገጠር «ላስተምራት» ተብላ መጥታ እንጀራ ስለምትጋግረው ልጅ? እሱ ነው። ትክክለኛው ትርጉም እሱ ይመስለኛል… እንጃ፣ ይቆይ።

ዶይልን ያስደነገጠው ከክፍያው በላይ ክትትል አለመኖሩ ነው። ልጅቷ ከተወሰደች በኋላ በቋሚነት እየሄደ የሚያያት ሰው የለም። አሠሪው ካልተስማማችው ይመልሳታል፣ ወይም ለሌላ ያስተላልፋታል፤ ሁለት ሦስት ቤት ስትቀያይር ዱካዋ ይጠፋል። ሪፖርቱ በ1875 ወጣ፤ የወርክሃውስ ልጆችን መላክ ቆመ። በ1883 በየዓመቱ ይጎበኙ ተብሎ እንደገና ተጀመረ።

ከመሄዳቸው በፊት እኮ ሕጉ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ ነበር። የ1850ው ሕግ ነው፤ ልጁ ሁለት ዳኞች ፊት ቆሞ እሺ ማለት አለበት። ወርክሃውስ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ካናዳን በምን ያውቃታል? «ትሄጃለሽ?» «አዎ ጌታዬ።»

ያው «ጌታዬ» ነው። እዚያ እሺ ያለችበትም፣ እዚህ ቃሉን የፈታችበትም። ዶይል ሲሰማት… እሱም ለእሷ ከዳኞቹ አንዱን ይመስል ነበር፣ አይደል? ግን ለእሱ ነገረችው። ለምን ለእሱ…