ጨው ውሃ ያጸዳል? ባሕር የሚገቡ ወንዞች እና የባቲ ሰኞ ገበያ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደሴ ነኝ፣ ብርዱም እዚሁ ነው። ጋቢ ለብሼ ስለ ባሕር ዳርቻ ላወራችሁ ነው፤ አትሳቁ።

ባለፈው የዛሬውን ርዕስ፣ ወንዝና ባሕር የሚገናኙበት ውሃ ጤናው እንዴት ይለካል የሚለውን፣ ስናገር አንዲት እህታችን "ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?" ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወርዶ ወርዶ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ግን ወደ ምዕራብ የሚወርደው የበሽሎ ውሃ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ደግሞ ሜዲትራኒያን። ስለዚህ ግማሻችን ባሕር ላይ ዘመድ አለን። ይበቃል? ይበቃል። እንቀጥል።

ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ሰፋ የሚልበት፣ ጣፋጩና ጨዋማው ውሃ የሚቀላቀልበት ቦታ አለ። ኤስቹሪ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኬፕ ኮድ ባሉ የባሕር ዳር ብሔራዊ ፓርኮች የዚህን ቦታ ውሃና ጤና እየተመላለሱ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ለምን ይመላለሳሉ? አንዴ ለክተው አይገላገሉም? ይህን ለመመለስ ባቲ መሄድ አለብን።

ባቲ ስል ቅኝቱን አይደለም። ቅኝቱንም እወዳለሁ፣ አሁን ግን ስለ ሰኞ ገበያው ነው የማወራው። ሰኞ ጠዋት ባቲ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ከደጋው እህል የጫነ ሰው ይወርዳል። ከታች ከቆላው አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ጨውም ይዞ ይወጣል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ አቧራ ውስጥ ይገናኛል። አንዱ በአንዱ ቋንቋ ይከራከራል፣ ሌላው በጣቱ ይቆጥራል። ግመሉ መሃል ላይ ቆሞ ሁሉንም በንቀት ያያል።

ኤስቹሪ ማለት ይሄ ነው። ወላሂ ይሄው ነው! ከደጋ የሚወርደው ወንዝ እህሉን ይዞ ይመጣል፤ እህል ያልኩት አፈሩን፣ ቅጠሉን፣ ማዳበሪያውን ነው። ጨው ደግሞ ከታች ይመጣል። ልብ በሉ፣ ባቲም ጨው ከታች ከቆላ ነው የሚመጣው። ባሕሩም ላይ ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ በታች በኩል ሾልኮ ይገባል፣ ጣፋጩ ከላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ቦታ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ባቲ በሳምንት አንዴ የሚሆነው እዚያ በቀን ሁለቴ ይሆናል። ይህን ምሳሌ ሳገኘው ምሳዬን ትቼ ነው የተነሳሁት።

አሁን ጥያቄው። ገበያው ጤነኛ ነው ወይስ እየሞተ ነው፣ በምን ታውቃላችሁ? አንድ ሰኞ ሄዳችሁ የጨው ዋጋ ብትጠይቁ ምንም አታውቁም። ምናልባት የዚያን ቀን መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። የባቲ ነጋዴ ግን ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ስለዋለ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልክ አይደለም የሚለው ገና ሳይጠይቅ ነው። ደግሞ ዋጋውን ብቻ አያይም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ይላል። የውሃ ጥራት መለካት ዋጋ መጠየቅ ነው። የሥነ ምህዳሩን ጤና መከታተል ደግሞ ማን እንደቀረ ማየት ነው፤ የባሕር ሣሩ አለ? ጭቃው ውስጥ ያሉት ትሎች አሉ? ዓሣው ልጆቹን ይዞ መጣ?

እሺ፣ ሳይንሱን በፍጥነት፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የሚለኩት ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ድፍርስነት፣ ክሎሮፊል (አረንጓዴው የቅጠል ቀለም፣ አልጌ ምን ያህል እንዳለ የሚናገር) እና ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ናቸው። ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ አልጌ፣ ያ ውሃ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ነገር፣ ይበዛል። አልጌ ሲበዛ ታች ያለው የባሕር ሣር ብርሃን ያጣል። አልጌው ሲሞት ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሲበላም ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ካለ ጥሩ ነው፣ ከ2 በታች ከወረደ ዓሣ ይታፈናል። ሶንድ የሚባል ክንድ የሚያህል መሣሪያ ውሃ ውስጥ ይተዋል፤ የአሜሪካ የኤስቹሪ ጥብቅ ቦታዎች ከ1995 ጀምረው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በዚህ ዓይነት መሣሪያ ይመዘግባሉ፣ አሁን በየ15 ደቂቃው። ለምን በየ15 ደቂቃው? አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት እሱም እንደሌላው ይተነፍሳል። ስለዚህ ኦክስጅን የሚጎድለው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ በ6 ሰዓት የሚለካ ባለሙያ ዓሣው ለምን እንደሞተ በፍጹም አይገባውም።

(ውሃ ልጠጣ። እናንተ እስከዚያ ሰብስክራይብ አድርጉ።)

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ስንቱ ነው የጻፈው! "ጨው ጀርም ይገድላል፣ ስለዚህ ቆሻሻው ወንዝ ባሕር ሲደርስ ይጸዳል።" አብሽሩ፣ አልስቅባችሁም። ቁስል በጨው ውሃ አጥበን፣ ቋንጣ በጨው አሽተን ያደግን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ብናስብ አይገርምም።

ግን ቋንጣ ላይ የምትነሰንሱትን ጨው አስቡት። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሉት። ኤስቹሪ ውስጥ ደግሞ ተበርዞ ከዚያም ያንሳል። የኮሌራ ጀርም ራሱ እንዲህ ዓይነት መጠነኛ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ደህና አድርጎ ይኖራል። ቤቱ ነው!

ናይትሮጅን ደግሞ ጀርም አይደለም፣ ጨው አይገድለውም። ኬፕ ኮድ ላይ ትልቁ የናይትሮጅን ምንጭ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ። የየቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። አሸዋማ መሬት ስለሆነ ቀስ እያለ በከርሰ ምድር ውሃ ሄዶ ባሕሩ ዳር ይወጣል። ይብስ ብሎ ጨዋማ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ጣፋጩ 9 ሚሊግራም ሲይዝ የባሕሩ 7 ተኩል ገደማ ነው።

ግን ግማሽ እውነት አላችሁ፣ እሱን አልነፍጋችሁም። ወንዙ ይዞት የመጣው ጭቃ ጨው ሲነካው እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ውሃውም ጠራ ይላል። ዓይን ይታለላል። ጭቃው ይዞት የመጣው ሁሉ ግን ታች ነው ያለው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ውሃውን ብቻ ሳይሆን የወለሉንም ጭቃ ጨልፈው የሚወስዱት።

ጨው ከቀረስ? በ1909 ኬፕ ኮድ ላይ የሄሪንግ ወንዝን አፍ በግድብ ዘጉት። ትንኝ ይጠፋል ብለው። ባቲን አስቡት፣ የቆላውን መንገድ ዘግታችሁ ሰኞ ገበያ ስትጠብቁ። ረግረጉ ደረቀ። አፈሩ ውስጥ የነበረው ድኝ አየር ሲነካው አሲድ ሆነ፣ አሲዱ ወንዝ ገባ፣ ብዙ ዓሣ አለቀ። ትንኙ? ትንኙማ አለ! የትንኙን እጭ የሚበላው ዓሣ ነበር፣ እሱም ተመናመነ። ባሕሩን መልሶ ለማስገባት ግንባታው የተጀመረው በ2023 ነው። ያም ቢሆን ቀስ በቀስ፣ እየለኩ።

አንዳንዶቻችሁ በቤት የሚሠራ መለኪያ ጠይቃችኋል። አለ። አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 ሰሃን የመሰለ ክብ ነገር በገመድ ባሕር ውስጥ አውርዶ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ፤ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ቶሎ ይሰወራል። ዛሬም ይሠራበታል። እኔም ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ድንጋይ አስሬ፣ ገመዱ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አድርጌ ሐይቅ ሄድኩ። ጀልባ የሚቀዝፈው ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ዓሣውን ምሳ ልትጋብዘው ነው?" አለኝ። ስንት ቋጠሮ እንደወረደ አልነግራችሁም። የአንድ ቀን ቁጥር ነው፣ የአንድ ሰኞ ዋጋ። በየወሩ እየሄድኩ ልለካና ዓመት ሲሞላ ላሳያችሁ ነበር ሐሳቤ።

ነበር ያልኩት ሳህኑ ስለሌለ ነው። ሦስተኛውን ዙር ሳወርድ ገመዱ ተፈታ። ሳህኑ የእናቴ ነው፣ ከስድስቱ አንዱ። እማዬ፣ ቪዲዮውን እስከዚህ ካየሽው፣ አምስቱ በሰላም አሉ።