ስለ ተዳፋት ደኖች የአፈር ትንፈሳ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የደን ባለሙያዎች፣ ተመራማሪዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች፣

የመናገሻ ሱባ ደን 3,385 ሜትር በሚደርሰው በወጨጫ ተራራ ጎን ከጽድና ከዝግባ ተነሥቶ ወደ ኮሶና ወደ አስታ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ተዳፋት ሥር የዛፍ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅን እየወሰዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ የአፈር ትንፈሳ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ትንፈሳውን በሙቀት ብቻ ማስላት ቀላል ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፈሳው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በዚህ ስሌት ከሄድን ግርጌው ሁልጊዜ ከአናቱ በላይ ይተነፍሳል ማለት ነው። ረጅም በጋ ባለበት አገር ግን ይህ ስሌት ያሳስታል፤ ከዝናብ በፊት ባሉት ሞቃታማ ወራት አፈሩ ስለሚደርቅ ሙቀቱ ብቻውን ሕይወቱን አይቀሰቅሰውም። ውሃ ሲደርሰው ግን ሁኔታው በአንድ ጊዜ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኬንያ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እንዳሳየው፣ የደረቀ አፈር መልሶ ሲርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል።

ተዳፋቱ ይህን ውሃ እኩል አያከፋፍልም። ትከሻው ላይ አፈሩ ታጥቦ ስለሚሳሳ ቶሎ ይደርቃል፤ ግርጌው ጥልቅ ስለሆነ በበጋም ጥቂት እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሆኖም በሐምሌና በነሐሴ የግርጌው አፈር ቀዳዳዎች በውሃ ከተሞሉ፣ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሰርገው ከአየር ይልቅ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ በዝግታ ስለሆነ፣ በበጋ የተሻለ ይተነፍስ የነበረው ቦታ ኦክስጅን ያጥረዋል። ፀሐይ የሚበዛበትና የሚያንስበት ጎንም የራሱ ድርሻ አለው።

ዛፎቹም ሊዘነጉ አይገባም። በሰሜን ስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሙከራ፣ ከቅጠል የሚወርደው ስኳር ሥር እንዳይደርስ የዛፎች ልጥ ዙሪያውን ሲቀረፍ፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የአፈሩ ትንፈሳ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስለሆነም ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ትንፈሳው ዝቅ ማለቱን ካርቦን እንደተቆጠበ አድርጎ መተርጎም፣ በእኔ እምነት፣ ከባድ ስሕተት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው፤ ከአፈሩ የሚወጣው ጋዝ የሚለካባቸው ቀለበቶች በአናቱ፣ በወገቡና በግርጌው ይተከሉ፤ የአፈሩ ሙቀትና እርጥበት አብረው ይመዝገቡ፤ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናትም ልኬቱ በየዕለቱ ይወሰድ።