ከምዕራፉ ግርጌ የተነሡት ጥያቄዎች

የተከበራችሁ የድሬዳዋ መምህራንና ርእሳነ መምህራን፣ የልጆቻችሁን ነገር ብላችሁ በዚህ ሙቀት የመጣችሁ ወላጆች፣ ከእኔ ጋር የምትደክሙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ገጽ ነው። በስልክና በኮምፒውተር በምናቀርበው ትምህርት ውስጥ በየምዕራፉ ግርጌ ይገኝ ነበር። ብዙ ደክመንበታል፤ የሚከፍቱት ተማሪዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስሙ «ፈተና» ነበር።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። እነዚያን ጥያቄዎች ስናዘጋጅ ትክክለኛውን መልስ በማመልከት ብቻ አላቆምንም። ዲፍዩዥንና ኦስሞሲስ የተባሉትን የሚመሳሰሉ የባዮሎጂ ሐሳቦች የሚያምታታ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚያምታታ ከክፍል ልምዳችን እናውቃለን፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ማብራሪያ ጻፍን። ከቪዲዮዎቹ ሁሉ ይልቅ የምኮራበት ሥራ ይኸው ነበር። ተማሪዎች ግን ቪዲዮውን አይተው፣ ጽሑፉን አንብበው፣ እዚያ ሲደርሱ ይወጣሉ። በመጨረሻም በስብሰባችን ላይ «የማይሠራበት ነገር ቦታ አይያዝ፤ ይሰረዝ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም ልስማማ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ከመወሰናችን በፊት ግን አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ስታጠና አየኋት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ማስታወሻ ትይዛለች፣ ያልገባትን መልሳ ታያለች። ምዕራፉን ጨርሳ «ፈተና» የሚለውን ስታይ ስልኩን አስቀመጠችው። ለምን እንዳልገባችበት ጠየቅኋት። «መምህርት፣ ገና አላጠናሁም፤ ሳጠና እገባለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን ነው ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ የገባኝ። እስኪ ቃሉን አስቡት። በእኛ ቋንቋ ፈተና ማለት የትምህርት ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። መከራ ያየ ሰው «ብዙ ፈተና አሳለፍኩ» ይላል። እንዳንገባበት በጸሎት የምንለምነውም ይኸው ቃል ነው። በዚህ ላይ የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት አለ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ያን ጊዜ ያልሰማ ቤት አልነበረም። በ2015ም 3.2 በመቶ ነበር። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ «ፈተና» የሚል በር ሲያይ ተዘጋጅቶ ካልሆነ እንደማይገባበት ማወቅ ነበረብን። እኛ መለማመጃ አዘጋጅተን መፍረጃ የሚል ሰሌዳ ሰቀልንበት።

ራስን መጠየቅ ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣ መለኪያ ብቻ አይደለም፤ ራሱ መማር ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንዱን የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ዙር አስነበቡት። ሌላው ቡድን አንድ ዙር ካነበበ በኋላ ሦስት ዙር ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ ያስታወሱት 40 በመቶውን ሲሆን ራሳቸውን የጠየቁት 61 በመቶውን አስታወሱ። «በደንብ እናስታውሰዋለን» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደግሞ አንባቢዎቹ ነበሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ያ ስሜት ግን ሳምንት አይሻገርም።

ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። የቆሎ ተማሪው ማታ ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ የቃል ትምህርቱን ለመምህሩ ያሰማል። እዚሁ መጋላ ውስጥ ቁርኣን የቀራ ሁሉ ሎሁን፣ ያን የመጻፊያ እንጨት፣ ያስታውሳል፤ የተጻፈበትን በቃሉ ለመምህሩ ሳያሰማ እንጨቱ ታጥቦ ሌላ አይጻፍበትም ነበር። አርጩሜው እንደነበረ አልክድም፤ እሱ እንዲመለስ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ልጁ ሲሳሳት የሚታረመው እዚያው በዚያው ነው፤ ነጥብ የሚመዘግብበትም የለም።

እናም ገጹን አልሰረዝነውም፤ ቦታውን ቀየርነው። በከተማችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን ሊነካ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ ከግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚያው ከተማ ሆነች። ቦታ መቀየር ምን እንደሚያመጣ እኛ ድሬዎች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ትምህርታችን የተሠራው ሙድል በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ማቅረቢያ ሥርዓት ላይ ነው። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጂያማስ የጀመረው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ የወጣ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ለራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት ነው። አዲስ ነገር መሥራት አላስፈለገንም። «ፈተና» የሚለውን ስም አውርደን «እስኪ ልሞክር» አልነው። ከምዕራፉ ግርጌ አንሥተን ከቪዲዮው በፊት አምስት ጥያቄ፣ ከቪዲዮው በኋላም ሌላ አምስት አደረግነው። የሚታየውን ነጥብ አጠፋን። ሥርዓቱ በልማድ ተማሪው ሁሉንም መልሶ ካስረከበ በኋላ ብቻ ማብራሪያ እንዲያሳይ የተዘጋጀ ነው፤ እኛ በየጥያቄው ወዲያው እንዲታረምና ደግሞ እንዲሞክር አደረግነው።

ከመምህራን የገጠመን ተቃውሞ ከባድ ነበር። «ያልተማረውን እንዴት ይጠየቃል?» አሉን፤ አነጋገራቸው እውነት አለው። መልሳችን ይህ ነው፦ ከትምህርቱ በፊት የሚጠየቀው እንዲያውቅ ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ይዞ ወደ ቪዲዮው እንዲገባ ነው። ተሳስቶ የገባ ልጅ መልሱ ሲነገር ጆሮው ይቆማል። ግን ማብራሪያው ካልተከተለ ልጁ ስሕተቱን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ማብራሪያ ያልተጻፈለት ጥያቄ እንዳይገባ ወሰንን።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ መግባት ጀመሩ። ያቺ የሳቢያን ልጅ ራሷ አንድ ምሽት ከጥያቄዎቹ አንዱ አሻሚ ነው ብላ ጻፈችልኝ። ትክክል ነበረች፤ አስተካከልነው። ለዓመታት ከቆየው ገጽ ላይ የደረሰን የመጀመሪያው የተማሪ እርማት ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን ዛሬም እንቅልፍ ይነሡኛል።

አንደኛው የኔትወርክና የመብራት ነገር ነው። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ጥያቄዎችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ያስችላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው የሰዓት ገደብ ከሌለና እርማቱ በመጨረሻ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው። በየጥያቄው ወዲያው የሚያርመው አሠራር ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በከተማው መካከል በከዚራ ሰፈር ያለ ልጅና በገጠር ቀበሌዎቻችን ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ልንሰጣቸው አልቻልንም ማለት ነው። ለገጠሩ ጥያቄዎቹን በሦስት በሦስት ከፋፍለን ሰጠን፤ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ሲልክ እርማቱ ሳይርቅ እንዲደርሰው። በቂ አይደለም። ከፊቴ የተቀመጣችሁ ወጣት ባለሙያዎች፣ ጉልበታችሁን የምለምነው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ ነው፤ ማብራሪያዎቻችን በአማርኛ ሲሆኑ በዚህች ከተማ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚያስብ ልጅ ብዙ ነው። ስሕተቱ በሚያስብበት ቋንቋ ካልተነገረው አይታረምም።

ሁለተኛው እናንተን መምህራንን ይመለከታል፤ በፍቅር ልናገረው። አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹ በ«እስኪ ልሞክር» መበርታታቸውን አይቶ ውጤቱን ከመቶው አምስት ነጥብ አድርጎ መዘገበው። ሐሳቡ ማበረታታት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መልሶቹ በቴሌግራም ተሰራጩ። ሁሉም ሙሉ አመጣ፤ የተለማመደ ግን አልነበረም። ቀደም ሲል እየተሳሳቱ ይማሩ የነበሩትም መልስ መጠበቅ ጀመሩ። ስሙን ቀይረን ነበር፤ ነጥቡ ሲመለስ የድሮው ፈተና ተመልሶ መጣ። ርእሰ መምህሩ ነገሩ ሲገለጥላቸው በዚያው ሳምንት ነጥቡን ከመዝገብ አነሡት፤ ስለዚህም አከብራቸዋለሁ። ልጆቹን ወደ መሳሳት ድፍረታቸው ለመመለስ ግን አንድ ሙሉ መንፈቅ ፈጅቶብናል።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ክፍላችሁን ለመመዘን የምትፈልጉ ከሆነ ለብቻው ፈተና አዘጋጁ፤ ጥያቄዎቻችን የተከማቹበት የጥያቄ ባንክ ክፍት ነው፣ እኛም እናግዛችኋለን። «እስኪ ልሞክር»ን ግን ከመዝገባችሁ አታስገቡት። ይልቁንም በየሳምንቱ ልጆቹ አብዝተው የተሳሳቱባቸውን ሦስት ጥያቄዎች የሚያሳየውን ዝርዝር ክፈቱና የሰኞን ትምህርት ከእነሱ ጀምሩ። ዝርዝሩን እንዴት እንደምታገኙት ባልደረቦቼ ከዕረፍት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሳዩአችኋል፤ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማብራሪያ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆናችሁም ስማችሁን በር ላይ ባለው መዝገብ አስፍሩልን።

አመሰግናለሁ።