ሰሌኑን ዘርጉት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሚሚ ተኝታለች። ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ላውራ።

እዚህ ድሬ የመጀመሪያ ልጅ መሬት አይነካም። ሚሚን ጠዋት እናቴ ታቅፋታለች፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆች ይቀባበሏታል፣ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤታችን እማማ በአንቀልባ ያዝሏታል። አቦ፣ የሰፈራችን ሰው ልጅ ሲወድ! በዚህ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም ይለኛል። ግን ሚሚ 9 ወር ሞልቷት ሳትደገፍ መቀመጥ አልቻለችም። ትራሱ ሲነሳ ወደ ጎን ትወድቃለች። ስትወድቅ ራሷን ለማዳን እጇን እንኳ አትዘረጋም ነበር። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የኩፍኝ ክትባት ላስከትባት ስሄድ ጠየቅኩ። «ወፍራም ስለሆነች ነው፣ ትደርሳለች» ተባልኩ። እንዲህ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበርና አምኜ ተመለስኩ። 2 ወር ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ያ 2 ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በመሃል አክስቷ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ዎከር ገዝታ አመጣች፤ ያ ጎማ ያለው፣ ልጅ መሃሉ ገብቶ የሚንሸራተትበት። ሚሚ በጣት ጫፏ እየገፋች ቤቱን ዞረችው። ሁላችንም አጨበጨብን። አሁን ሳስበው፣ ክብደቷን የተሸከመው ዎከሩ እንጂ እሷ አይደለችም። ካናዳ ይህን ዕቃ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ልጆች ይዞ ከደረጃ እየወደቀ ጉዳት ስላደረሰ።

በ11 ወሯ ሐኪም አየቻት። ደም ተመረመረ፣ ጡንቻዋ ተፈተሸ። ሌላ በሽታ አልተገኘም፤ ጡንቻዋ ግን ላላ ያለ ነው አለችኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ሰውነትን በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙት፣ ላከችን።

ፊዚዮቴራፒስቱ ሚሚን ወዲያው አልነካትም። ጫማውን አወለቀና ፍራሹ ላይ በሆዱ ተኝቶ ዓይን ለዓይን አያት። ከዚያ ቀና ብሎ «እናት፣ ይቺ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት መሬት ላይ ትውላለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ቤት ከታች ወደ ላይ ይሠራል፣ የልጅ ጉልበት ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። መጀመሪያ አንገት ይጸናል፣ ከዚያ ትከሻና ጀርባ፣ ከዚያ ወገብና ዳሌ፣ እግር በመጨረሻ። እኛ እግሯን እያየን ስንጨነቅ ሥራው ገና ትከሻዋ ላይ ነበር። ማዘሉን አላወገዘም። ስንቱ በአንቀልባ ያደገ ልጅ በሰዓቱ ሄዷል! ጡንቻው ላላ ላለ ልጅ ግን መሬት መድኃኒቱ ነው አለኝ።

ቤት ስገባ ሰሌን ዘረጋሁ። ጋቢ ጠቅልዬ ደረቷ ሥር አደረግኩ፣ በሆዷ አስተኛኋት። የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሽምብራ ጨምሬ ፊት ለፊቷ አንኳኳሁ። አለቀሰች። እናቴም አብራ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ «ልጅቷን አታሰቃዪያት፣ አንሺያት» አለችኝ። 5 ደቂቃ ሠርተን አረፍን፣ ደግሞ 5 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ዳዴ ላላሉ ሕፃናት ነቅተው ሳሉ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዳቸው ይሁኑ ይላል፣ ተከፋፍሎ። እኛ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንጨርሳለን። ከሰዓት ሲሚንቶው በውኃ ከተወለወለ በኋላ ደግሞ እንደገና። በሳምንቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ሽምብራውን በዓይኗ ስትከተል እናቴ ራሷ ፕላስቲኩን ተቀብላኝ ማንኳኳት ጀመረች።

«የእገሊት ልጅ በ9 ወሩ ሄደ» የሚለው ወሬ ስንት እናት አስለቅሷል! ድርጅቱ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ውጤት አለ። አንዱ ልጅ በ8 ወሩ ብቻውን ሲሄድ ሌላው 17 ወር አልፎት ነው የሚሄደው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ዳዴ ሳይሉ የሚሄዱም አሉ፣ ከ100 ልጅ 4 ያህሉ። እና ልጃችሁ 13 ወር ሆኖት ስላልሄደ እንቅልፍ አትጡ።

የወራቱ ስፋት ግን ጫፍ አለው። በ9 ወር ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወር ብቻውን ካልሄደ፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ እግሩ ግትር ካለ፣ የቻለውን ነገር ከተወ፣ አሳዩት። «ይደርሳል» ቢሏችሁም ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አሳዩት። እባካችሁ።

ሚሚ በ13 ወሯ ተቀመጠች። አሁን 19 ወሯ ነው፣ ብቻዋን አልሄደችም። ሐሙስ ሐሙስ ቀጠሯችን አልተቋረጠም። ትናንት አመሻሽ ላይ መከዳውን ይዛ ቆመች። ፕላስቲኩን ልታነሳ አንድ እጇን ለቀቀች፣ ቀጥላ ሁለተኛውን። እማማ ከበሩ ላይ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» አሉ። ወዲያው ሚዛኗ ጠፋ፣ ወደ ጎን ዘመመች። ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችና ሰሌኑን ተደገፈች።